ሁለት ጊዜ የተሠራችው ተጎታች ቤታችን

ድሬዳዋ ያደገ ሰው ድንኳን ውስጥ ማደርን የሚለምደው በቁልቢ ገብርኤል ነው። በልጅነቴ ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ እናቴ ስንቁን ታሰናዳለች፣ አባቴ ሸራውንና ካስማውን ይቋጥራል፣ እኛ ልጆቹ ደግሞ በጭነት መኪና ላይ ብርድ ልብስ ተከናንበን የደንገጎን ዳገት እንወጣና በዚያ ብርድ ሁለት ሌሊት እናድራለን። ትዳር ይዤ ልጆች ካፈራሁ በኋላም ልማዱ አልለቀቀኝም፤ ዕረፍት ባገኘን ቁጥር አንድ ጊዜ ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ፣ ሌላ ጊዜ ሐረርን አልፈን ወደ ባቢሌ እየሄድን ድንኳን ተክለን ማደር የቤተሰባችን ወግ ሆነ።

ከድንኳን ወደ ተጎታች ቤት እንድናስብ ያደረጉን ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው አማቴ ከእኛ ጋር መኖር መጀመራቸው ነው፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው መሬት ከተነጠፈ ፍራሽ ላይ መነሳት ይከብዳቸዋል፣ እርሳቸውን ብቻቸውን ቤት ትቶ መሄድ ደግሞ ለባለቤቴ የማይዋጥላት ነገር ነበር። ሁለተኛው ጅብ ነው። የሐረር ጅብ ከሰው እጅ ሥጋ ሲቀበል ቆሞ ማየት ደስ ይላል፤ ባቢሌ አጠገብ አንድ ሌሊት ከሸራው ማዶ ሆኖ የድስታችንን ሽታ ሲያነፈንፍ ግን ልጆቼ እስኪነጋ አልተኙም፣ እውነቱን ለመናገር እኔም አልተኛሁም። «ከእንግዲህ ግድግዳ ያለው ነገር ካልሆነ አልወጣም» ብላ ነገሩን የቆረጠችው ባለቤቴ ናት።

ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት መንገድ ላይም ጋራዥም «ይህችን ነገር ከየት አመጣሃት? እኔም ላሠራ ነው» የሚለኝ ሰው ስለበዛና ለሁሉም ቆሜ ማስረዳት ስላልቻልኩ ነው። የሁሉም የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት አልጋ አላት?» የሚል ነው። እኔም ከዚያው ጥያቄ ስለጀመርኩ ነው አንዷን አሠርቼ በኪሳራ የሸጥኩት።

በከተማችን ተጎታች ቤት የሚሸጥ ሱቅ የለም፤ ታይዋን ገበያ የማይገኝ ዕቃ የለም ቢባልም ይህ ግን የለም። ስለዚህ በ2013 ዓ.ም. ፍለጋ ስንጀምር ያየናቸው ሁለት አሮጌ ካራቫኖች ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱንም ባንገዛቸውም ብዙ ተምረንባቸዋል። የመጀመሪያው ሥራውን ጨርሶ የወጣ አንድ ፕሮጀክት ትቶት የሄደ፣ እንግሊዝ አገር የተሠራ ባለ አራት አልጋ ካራቫን ነበር። ከውጭ ሲታይ ያማረ ነበር፤ አማቴ ግን ገና በሩ ሲከፈት «ይህ ቤት ውሃ ጠጥቷል» አሉ። ወለሉን በተረከዜ ስረግጠው ሁለት ቦታ ላይ ስርጉድ አለ፣ የግድግዳው ማዕዘን ደግሞ በአውራ ጣት ሲጫኑት እንደ እርጥብ ካርቶን ገባ። የእነዚህ ካራቫኖች ግድግዳ ከላይ ስስ አሉሚኒየም፣ ከውስጥ እንጨትና ፎም ነው፤ በጣሪያው መጋጠሚያ ውሃ አንድ ጊዜ ከገባ እንጨቱ ተሸፍኖ ይበሰብሳልና ቀለሙን ተማምኖ መግዛት አይገባም። በድሬዳዋ ፀሐይ ደግሞ መጋጠሚያውን የሚይዘው ማስቲሽ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ለወራት ዝናብ ስለማይጥል ማንም አያስተውለውም፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ግን ሁሉም በአንድ ሌሊት ይታወቃል። አሮጌ ካራቫን ልግዛ የሚል ሰው ባለቤቱን አስፈቅዶ ጣሪያው ላይ በጎማ ውሃ ሩብ ሰዓት ያህል ያስፈስስና ከውስጥ ሆኖ ይመልከት።

የዚያው ካራቫን ሌላ ጉድለት የበሩ አቀማመጥ ነበር። እንግሊዞች በመንገዱ ግራ ስለሚነዱ በሩ የሚሠራው በግራ በኩል፣ ማለትም በእግረኛው ወገን ነው፤ በቀኝ በምንነዳበት በእኛ አገር መንገድ ዳር ሲቆም በሩ የሚከፈተው መኪና ወደሚያልፍበት ወገን ይሆናል። ሮጦ መውጣት የሚወድ የስድስት ዓመት ልጅ ላለው ሰው ይህ ብቻውን ለመተው በቂ ምክንያት ነው። ሁለተኛው አዲስ አበባ ሄደን ያየነው አሜሪካ ሠራሽ ነበር። እርሱም ማቀዝቀዣውና ኃይል መሙያው ለ120 ቮልት የተሠሩ ስለነበሩ በእኛ 220 ቮልት ያለ ትራንስፎርመር አይሠሩም ነበር። የመጎተቻው ኳስ፣ ማለትም ተጎታቹ ከመኪናው ጋር የሚገጠምበት ድቡልቡል ብረት፣ መጠኑም ይለያያል፤ የአሜሪካው ሁለት ኢንች፣ ማለትም 50.8 ሚሊ ሜትር ሲሆን በአብዛኛው ሌላ ዓለም የተለመደው ልክ 50 ነው። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው ብሎ ሁለቱን ማጋጠም አይገባም፤ ያልገጠመ ኳስ በኮረኮንች ላይ ዘሎ ሊወጣ ይችላል።

ስለዚህ እዚሁ ድሬዳዋ ለማሠራት ወሰንን፤ በውሳኔው አሁንም አልጸጸትም። በየዳና ላሜራ ሥራ የተካነ ሰው በከተማችን ሞልቷል፣ የሚበላሸውን ነገር ሁሉ የሠራው ሰው እዚሁ ሰፈር ይጠግነዋል። የሳትነው ሌላ ነገር ላይ ነው። ባለቤቴ፣ ልጆቼና እኔ ማታ ማታ ወረቀት ላይ ንድፍ እየሣልን አምስት ሰው የሚያስተኛ፣ ወጥ ቤት ያለው፣ 120 ሊትር የውሃ በርሜል የያዘ፣ ርዝመቱ ሦስት ሜትር ከሃያ የሆነ ቤት አወጣን። ጋራዡም በትዕዛዛችን መሠረት ከቱቦላሬ ብረትና ከባለ ሁለት ሚሊ ሜትር ላሜራ አጥብቆ ሠራልን። «ድንጋይ ቢወድቅባት አትበገርም» ሲሉን ደስ ብሎን ተቀበልናት። ምን ያህል ትመዝናለች ብሎ የጠየቀ ግን የለም፤ እኔም ባለሙያውም።

በመጀመሪያው ጉዞ ወደ ባቢሌ ስንሄድ ድርብ ጋቢናው ሃይሉክሳችን የደንገጎን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ወጣው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ደንገጎ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህሉን ስለሚያጣ ዳገቱ ሲጠና ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። የእኛው ቱርቦ ያለው ስለነበር ሙቀት መለኪያው ከፍ ማለቱን እያየሁም ቢሆን ደረስን። ጉዱ የመጣው በመልሱ ነው። ሐረማያን አልፈን ሜዳው ላይ ፍጥነት ስንጨምር የተጎታቿ ጀርባ እንደ ዓሣ ጅራት ወዲያና ወዲህ ይወዛወዝ ጀመር፣ መኪናውንም አብሮ ያንገላታው ጀመር። ነዳጁን ለቅቄ መሪውን ቀጥ አድርጌ በመያዜ ተረጋጋ፤ ይህን ያደረግሁት አውቄ ሳይሆን ደንግጬ ነው፣ በኋላ ግን ትክክለኛው ይኸው እንደሆነ ተማርኩ። በዚያ ሰዓት ፍሬን መርገጥም ሆነ መሪ ማዞር ውዝዋዜውን ያባብሰዋል።

ከደንገጎ ቁልቁል ስንጀምር ደግሞ ተጎታቿ የራሷ ፍሬን ስላልነበራት ሙሉ ክብደቷ መኪናዬን ከኋላ እየገፋ ያወርደው ነበር። ኩርባው እየተደጋገመ፣ እኔም እየደጋገምኩ ስረግጥ ከአራተኛው ወይም ከአምስተኛው ኩርባ በኋላ የተቃጠለ ሽታ መጣ፣ ፔዳሉም እየለሰለሰ ወደ ታች ሄደ። አማቴ ከኋላ ወንበር የገብርኤልን ስም ሲጠሩ ይሰማኛል። በአንደኛ ማርሽ በሞተር እየያዝኩ፣ በእጅ ፍሬን እያገዝኩ ሰፋ ያለ የመንገድ ትከሻ ላይ ቆምኩ፤ የበኩር ልጄ ዘልሎ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገባ። አንድ ሰዓት ተኩል ቆመን ፍሬኑ እስኪበርድ ጠበቅን። በዚያ ሰዓት ውስጥ በአጠገባችን ያለፉት የከባድ መኪና ሾፌሮች ሁሉ ምን እንደገጠመን ሳይነገራቸው ያውቁት ነበር፤ አንዱማ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «በወጣህበት ማርሽ ነው የሚወረደው» ብሎኝ አለፈ።

በማግሥቱ እንደተጫነች ወደ አንድ የእህል ነጋዴ የምድር ሚዛን ወሰድኳት። 1,210 ኪሎ ግራም ሆነች። ባዶዋን አስመዘንናት፤ 790። የመኪናዬን መመሪያ መጽሐፍ ከዳሽቦርዱ ሣጥን አውጥቼ ሳየው ፍሬን የሌለው ተጎታች ከ750 እንዳይበልጥ በግልጽ ተጽፏል፤ በአውሮፓ ሕግም ፍሬን ሳይኖረው የሚፈቀደው ጣሪያ ይኸው ነው። ባዶዋ እንኳ ታልፈዋለች ማለት ነው። ከየት መጣ ይህ ሁሉ ክብደት ብዬ ስደምር መልሱ ቀላል ሆኖ አገኘሁት፤ አንድ ሜትር ካሬ የሆነ የአንድ ሚሊ ሜትር ብረት ላሜራ ስምንት ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፣ የእኛ ግድግዳና ጣሪያ ደግሞ 25 ሜትር ካሬ ያህል ሆኖ ውፍረቱ ባለ ሁለት ሚሊ ሜትር ነው፤ ቆዳዋ ብቻ 390 ኪሎ ገደማ ነበር።

አባቴ በምድር ባቡሩ ጥገና ቤት ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው። ነገሩን ስነግረው ሳቀብኝና «ፉርጎ ጎን ላይ ሁለት ቁጥር የሚጻፈው ለጌጥ መሰለህ? አንዱ የራሱ ክብደት ነው፣ አንዱ የሚሸከመው» አለኝ። ስለ ውዝዋዜውም የነገረኝ እርሱ ነው። በተጎታች ላይ ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በመጎተቻው ኳስ ላይ ማረፍ አለበት፤ ከዚያ ካነሰ ጀርባው ይወዛወዛል፣ ከበዛ ደግሞ የመኪናው የኋላ ባሌስትራ (ክብደቱን የሚሸከመው ተደራራቢ የብረት ቅጠል) ይቀመጥና የፊት ጎማው ይቀልላል፣ መሪ አይታዘዝም። መለኪያው ውድ አይደለም። ተጎታቿን ሜዳ ላይ አቁመን፣ የመጎተቻውን ዘንግ ከኳሱ ቁመት ጋር በሚተካከል ጉማጅ እንጨት ላይ አድርገን፣ ከእንጨቱ ሥር ሰው የሚመዘንበትን ሚዛን አኖርን። 45 ኪሎ አነበበ፤ ከ4 በመቶ በታች ነው። የውሃ በርሜሉን፣ ትርፍ ጎማውንና ባትሪዎቹን ሁሉ ከኋላ ስላስቀመጥናቸው ነበር።

ያችን ተጎታች አንድ ነጋዴ ገዝቶ ሱቅ አደረጋት። እስካሁን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም፤ ለእርሱ ሥራ ክብደቷ ጥሩ ነው።

ሁለተኛዋን ስናሠራ ከመጨረሻው ጀመርን። በመጀመሪያ ለሁለት ሌሊት የምንወስደውን ዕቃ በሙሉ፣ ከብርድ ልብስ እስከ ጀበና፣ ግቢ አውጥተን አንድ በአንድ መዘንን። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ አራት ቢጫ ጀሪካን ውሃ 80 ኪሎ ነው፤ ባለ 12.5 ኪሎ የጋዝ ሲሊንደር ከነብረቱ 25 ገደማ ይገባል፤ አንድ ባለ 100 አምፒር ሰዓት የእርሳስ ባትሪም እንደዚያው ነው፤ ፍራሹ፣ ምግቡ፣ ወንበሩ፣ ድንኳኑና የልጆቹ ብስክሌት ተደምሮ 280 ኪሎ መጣ። ጣሪያችንን 750 ላይ አድርገን ከዚያ ስንቀንስ ለተጎታቿ ለራሷ የተረፈው 470 ነበር፤ ለባለሙያው የሰጠነው ትዕዛዝም ይኸው አንድ ቁጥር ሆነ። ቅሬታ አልነበረውም ማለት አልችልም። ሆኖም ግድግዳውን ከአንድ ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም፣ ክብደቱ በሜትር ካሬ ሦስት ኪሎ የማይሞላ፣ ከውስጥ ፎምና ስስ ኮምፔንሳቶ አድርጎ፣ ርዝመቷን ወደ ሁለት ሜትር ከሃምሳ አሳጥሮ በ440 ኪሎ አወጣት።

በዚህ ልክ አምስት ሰው አይተኛባትም። ይህን መቀበል ለባለቤቴ ቀላል አልነበረም፤ ከብዙ ክርክር በኋላ የተስማማንበት ግን አሁንም ትክክል ይመስለኛል። ግድግዳው የሚያስፈልገው ለሁሉም ሰው ሳይሆን ለአማቴና ለሁለቱ ልጆች ነው፤ ምግቡም ከጅብና ከዝንጀሮ የሚጠበቀው እዚያው ውስጥ ሲሆን ነው። እኔና ባለቤቴ ከተጎታቿ ጎን በሚታሰር ሸራ ሥር እንተኛለን። አልጋ ለመጨመር የሚከፈለው ዋጋ በብር ብቻ አይደለም፣ በኪሎም ጭምር ነውና ሸራ የሚሠራውን ሥራ በላሜራ ማሠራት ለእኛ መኪና አይሆንም። ከባድ ላንድ ክሩዘር ያለው ሰው ሌላ ስሌት ይኖረዋል፤ እርሱም ቢሆን መመሪያውን አይቶ፣ በኳሱ ላይ የሚያርፈው ክብደት መኪናው ውስጥ ከተቀመጡት ሰዎችና ከጭነቱ ጋር እንደሚደመር አስታውሶ ይጀምር።

750 ባትሞላም ፍሬን አስገጠምንላት። ከአሮጌ የአውሮፓ ተጎታች የተፈታ፣ ተጎታቿ መኪናውን ወደፊት ስትገፋ በራሱ የሚይዝ የግፊት ፍሬን ነው። ደንገጎን የማይወርድ የድሬዳዋ ሰው የለምና እዚህ ላይ መቆጠብ አይገባም እላለሁ። ይህም ሆኖ ቁልቁለቱን ገና ከአናቱ በሁለተኛ ማርሽ እንጀምራለን፤ ፍሬኑ የሚረዳ እንጂ ብቻውን የሚያወርድ አይደለም። ከጋንጮው ሌላ ሁለት ሰንሰለት ከመጎተቻው ሥር ተመሳቅሎ ይታሰራል፤ ኳሱ ቢለቅ ዘንጉ መሬት ሳይነካ ሰንሰለቱ ላይ እንዲያርፍ ነው።

ስለ እግሯ የመረጥነው ባሌስትራ ነው። ውስጡ ላስቲክ የተሞላ ዘንግ ያለው ዘመናዊው ዓይነት እንደሚለሰልስ ሰምቻለሁ፤ ነገር ግን ሂርና ወይም አሰበ ተፈሪ ላይ ቢሰበር ማን ይጠግነዋል? የባሌስትራ ቅጠል የሚለውጥ ሰው በየከተማው አለ። ቸርኬውንም ሆን ብለን ከሃይሉክሱ ጋር አንድ ዓይነት አደረግነው፤ በዚህ ምክንያት አንድ ትርፍ ጎማ ለሁለቱም ይሆናል፣ ክሪኩም መፍቻውም አንድ ነው። ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አኃዞች አንብቡ፤ 2319 የሚል ቢሆን በ2019 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የተጎታች ጎማ ብዙ ጊዜ የሚያረጀው በመንዳት ሳይሆን በፀሐይ በመቆም ነው፤ ጥርሱ ሳይነካ ጎኑ ይሰነጠቃል። በጉዞ ላይ ባረፍን ቁጥር ልጄ የጎማውን መሐል በእጁ ይዳስሳል፣ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ኩሽኔታው ግራሶ አልቆበታል ወይም ተጠብቋል።

ሙቀቱን የማያውቅ ድሬዳዋን አያውቅምና ብዙ አልልበትም። ጣሪያውን ነጭ ቀባነው፤ በላዩ ላይ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ሌላ ስስ ሸራ ይወጠራል፣ በመካከሉ ነፋስ ሲያልፍ ከሥር ያለው ጣሪያ በእጅ የሚዳሰስ ይሆናል። መስኮቶቹ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም የወባ ትንኝ የማያሳልፍ ወንፊት አላቸው። ትንኝን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፤ በ2014 ዓ.ም. በከተማችን ለተነሳው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት ሆና የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ ከረግረግ ይልቅ ሰው ባጠራቀመው ውሃ ውስጥ፣ በበርሜልና በገንዳ የምትራባ ናት። ስለዚህ ክፍት በርሜሉን ትተን በክዳን በሚዘጉ ጀሪካኖች ተክተነዋል፤ እነርሱም ከጎማው ዘንግ ጥቂት ወደፊት ቀደም ብለው ይቀመጣሉ፣ ውሃው ሲያልቅ ሚዛኑ ብዙ አይዛባም። ምግብ ማብሰያው ከውጭ፣ በኋላ በሚከፈት ክዳን ሥር ነው። ከሰል ወደ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም፤ ለብርድም ቢሆን፣ ለቡናም ቢሆን። ባለቤቴ እጣን ስታጨስ እንኳ በሩ ይከፈታል።

መብራቱን በአጭሩ ለመናገር ያህል፣ አንድ ባለ 100 ዋት የፀሐይ ሰሌዳና አንድ ባትሪ ለአምፖል፣ ለስልክና ለትንሽ ማራገቢያ ይበቃናል። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች እንዳይወርድ መጠበቅ አለበት። ማቀዝቀዣ ትተናል፤ በረዶ የተሞላ ሣጥን ሁለት ቀን ይቆያል።

ብረት ከመግዛታችሁ በፊት ንድፉን ይዛችሁ ወደ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ ተጎታችም ምርመራና ሰሌዳ ያስፈልጋታል፣ ከተሠራች በኋላ የመብራቱን ወይም የስፋቱን ልክ ማስተካከል ደግሞ ማፍረስ ነው። ከኢንሹራንስ ድርጅታችሁም የሦስተኛ ወገን ዋስትናው ተጎታቿን እንደሚጨምር በጽሑፍ ተቀበሉ። እኔ በመጀመሪያዋ ጊዜ በቃል የተነገረኝን ይዤ ሄጄ ነበር፤ በኋላ ያ ቃል የማንም አልነበረም።

ወደ ኋላ መንዳትን ሜዳ ላይ ሳትለማመዱ አትውጡ። መሪው ወደ ግራ ሲዞር ተጎታቿ ወደ ቀኝ ትሄዳለች፤ አጭር ስትሆን ደግሞ ቶሎ ትታጠፋለች። ይህን አውቀን የመጎተቻውን ዘንግ ባለሙያው ካሰበው ግማሽ ሜትር ያህል አስረዝመነዋል፣ ልዩነቱ ብዙ ነው። ወደ ቁልቢ ግን በዓሉ ላይ ይዘናት አንሄድም። አንድ ጊዜ ሞክረነዋል፤ በእግሩ የሚጓዘው ሕዝብ መንገዱን ሞልቶት ስለነበር ማዞሪያ አጥተን ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆመናል። ለቁልቢ አሁንም የአባቴ ሸራ ይበልጣል።

ማደሪያ ስንመርጥ የደረቀ ወንዝ አሸዋ ላይ አናቆማትም። ለጥ ያለ፣ ጥላ ያለው፣ ለጎማም የሚመች ስለሆነ ያጓጓል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ያየ የድሬዳዋ ሰው ግን ጎርፉ የሚወርደው ከደጋው እንደሆነ፣ ከእግር በታች ያለው አሸዋ ደረቅ መሆኑም ምንም እንደማያረጋግጥ ያውቃል። ሁልጊዜ የመኪናውን አፍንጫ ወደ መውጫው አዙረን፣ ለአንድ ሌሊት ከሆነ ሳንፈታት እናድራለን፤ አልጋዎቿ ከመኪናው ሳትለይ እንዲዘረጉ ሆነው የተሠሩትም ለዚህ ነው።

ወደ አዋሽ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከመነሳታችን በፊት የመንገዱን ሁኔታ በየከተማው ላሉ ዘመዶችና ሾፌሮች እየደወልን እንጠይቃለን። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ ዙሪያ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ያን ዓመት ሳንሄድ ቀርተናል። ከዚያ በፊት በነበረው ጉዞ ከፏፏቴው አጠገብ አቁመናት እኛ ውሃውን ልናይ በሄድንበት ዝንጀሮ የበሩን መወርወሪያ አንስቶ ገብቶ ዳቦውን ጨርሶታል። ጅብን ያሰብንበት በር ለዝንጀሮ ጣት አልታሰበም ነበር። አሁን በመወርወሪያው ላይ ተጭኖ የሚዞር የብረት ምላስ ተበይዶበታል፤ ከውስጥም ያለ ቁልፍ ይከፈታል፣ ልጅ ተቆልፎበት እንዳይቀር።

ተጭና ለመጨረሻ ጊዜ ያስመዘንናት ባለፈው ወር ነው፤ 735 ሆናለች። ስትሠራ 720 ነበረች፣ በኳሱ ላይ የሚያርፈውም 80። የጨመረው 15 ኪሎ ምን እንደሆነ ስንፈልግ ከአማቴ አልጋ ሥር አንድ ሙቀጫ ከነዘነዘናው ተገኘ። «ቡና በወፍጮ የተፈጨ አይጣፍጥም» ብለዋል፤ ሙቀጫው እዚያው ነው፣ የወረደው የልጆቹ አንደኛው ብስክሌት ነው።